6 ሌሊት ጃማይካ፣ 8 ሰው፦ ማደሪያው ኔግሪል ይሁን ሞንቴጎ ቤይ? (ከጁላይ 13 እስከ 19፣ 2026)

ናርዶስ_ሲልቨርስፕሪንግ
ሰላም ለዚህ ቤት። ስምንት ሆነን ከጁላይ 13 ሰኞ እስከ 19 እሑድ ጃማይካ ልንሄድ ነው፤ ጾመ ሐዋርያት በተፈታ ማግስት ማለት ነው። ቀን ባሕር፣ ፏፏቴና ጀልባ፣ ማታ ደግሞ ሆቴሉ ለእንግዳ የሚያዘጋጀውን ዝግጅት ሳይሆን የአገሬውን ሬጌ እንፈልጋለን። ሁለት ሰው ዋና አይችልም። ሦስቱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ የአሳማ ሥጋ የሚበላ የለም። አምስታችን የአሜሪካ ፓስፖርት አለን፣ ሁለቱ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ፣ አንዱ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። የት እንደር? ኦል ኢንክሉሲቭ (ምግብና መጠጡ ከክፍሉ ጋር አብሮ የሚከፈልበት ሆቴል) ያዋጣል? ምንስ ቀድመን እንክፈል?

የወደብ_ሰው
እዚህ ሁላችንም ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንምታታ።

ማደሪያችሁን በቀን ፕሮግራም አትምረጡ፤ በማታው ምረጡ። ቀን ላይ አስጎብኚው ሚኒባሱን ይዞ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል፣ ማታ ይመልሳችኋል፣ ዋጋውም ቀድሞ የታወቀ ነው። ሌሊት 2 ሰዓት ከጭፈራ ወጥቶ ታክሲ መፈለግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋው ይሰቀላል፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ስምንት ሰው ደግሞ በአንድ መኪና አይገባም። ስለዚህ ከሙዚቃው ተነስታችሁ በእግር የምትገቡበት ቦታ እደሩ።

ይህ ደግሞ ኔግሪል ነው፣ እሱም የባሕር ዳርቻው በኩል፣ ኖርማን ማንሊ ጎዳና ላይ። «ሰባት ማይል ቢች» ይሉታል፣ በእርግጥ ሰባት አይሞላም። አሸዋው ነጭ፣ ውኃው ጥልቀት የሌለው፣ ብዙ ሜትር ገብታችሁም ወገብ ላይ የሚቀር ስለሆነ ዋና ለማይችሉት ከዚህ የተሻለ የለም። ቡና ቤቶቹ አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ የቀጥታ ባንድ በተራ ነው የሚያስገቡት፣ ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ። የትኛው የማን ቀን እንደሆነ በየወቅቱ ስለሚቀያየር ስትደርሱ የሆቴሉን ዘበኛ ወይም የቡና ቤቱን አስተናጋጅ ጠይቁ።

ዌስት ኤንድ የሚባለው የኔግሪል ሌላው ወገን ገደል ነው። ውብ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ግን አሸዋ የለውም፤ ወደ ባሕሩ የሚወረደው በደረጃ ወይም በመሰላል ነው። ፎቶ አይታችሁ እዚያ ብትይዙ ማታ ማታ የታክሲ ጥገኛ ትሆናላችሁ።

ሞንቴጎ ቤይ አየር ማረፊያው ያለበት ከተማ ነው። ዶክተርስ ኬቭ የሚባለው ባሕር ዳርቻ ጥሩ ነው፣ በመግቢያ ክፍያ። ቱሪስቱ የሚመላለስበት ጎዳና (ቀድሞ ግሎስተር አቬኑ፣ አሁን በሙዚቀኛው በጂሚ ክሊፍ ስም የተሰየመው) ለአንድ ሌሊት ይበቃል፣ ለስድስት ግን አይሆንም።

ሌላም አለ፦ አውሎ ነፋስ ሜሊሳ በኦክቶበር 28 ቀን 2025 ምዕራብ ጃማይካን በደረጃ 5 መትቶታል። ብላክ ሪቨርና የሴንት ኤልዛቤት አካባቢ ክፉኛ ተጎድተዋል። ኔግሪል ከእነርሱ የተሻለ ቢሆንም ሆቴሉም ሆነ ፏፏቴው ሥራ ላይ መሆኑን ሳትጠይቁ ብር አትላኩ። ድረ ገጽ ላይ ያለ ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ በዋትስአፕ የዚያን ሳምንት ቪዲዮ ይላኩላችሁ።

ጋሽ_ቲኬት
ልጄ ናርዶስ፣ ሆቴሉ ይቆይና ወረቀቱን እንይ። ስምንታችሁንም የሚያግደው እሱ ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ችግር የለባችሁም፤ ደብተሩ ግን ያስፈልጋል። በኪስ የሚያዘው የፓስፖርት ካርድ ለአየር ጉዞ ወደ ውጭ አገር አያገለግልም። ከመሄዳችሁ በፊት የጃማይካን የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት መሙላት አለባችሁ፣ ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካያችሁ የመንግሥት አይደለም፣ ዝጉት።

ግሪን ካርድ የያዙት ሁለቱ፦ «ግሪን ካርድ ካለ ይገባል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ አትነሱ። ዋሽንግተን ያለውን የጃማይካ ኤምባሲ በኢሜይል ጠይቁ፣ የፓስፖርቱን አገር ጠቅሳችሁ። መልሱን አትማችሁ ያዙ። በር ላይ የሚያስቆማችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ኤምባሲው ሳይሆን የአየር መንገዱ ቲኬት ቆራጭ ነው። እሱ የሚያየው ቲማቲክ የሚባለውን የአየር መንገዶች የጉዞ ሰነድ መረጃ ነው፤ አየር መንገዱን ደውላችሁ «ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ከግሪን ካርድ ጋር ቲማቲክ ምን ይላል?» በሏቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱም የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ እዩ፤ እድሳት እንደምታውቁት ነው።

ጉዳዩ ያልተወሰነው ልጅ ወደ ጃማይካ አይሄድም። ቅድሚያ የመመለሻ ፈቃድ ሳይኖረው ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ይህን ከጠበቃው ጋር ይነጋገር እንጂ ከመድረክ ምክር አይውሰድ፣ ከእኔም ጭምር።

እሱን ትታችሁ መሄድ ካልፈለጋችሁ ፖርቶ ሪኮ አለላችሁ፤ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነ የአገር ውስጥ በረራ ነው። ሲመለሱ ያለው ፍተሻ የግብርና ነው፣ ሻንጣ ለፍራፍሬና ለተክል ያያሉ። የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች (ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ክሮይ) ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ከዚያ ወደ ዋናው ምድር ስትመለሱ የጉምሩክና የድንበር ፖሊስ ሰነድ ይጠይቃል። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያወሩ ብዙ ናቸው። ለእሱም ቢሆን አየር ማረፊያ ለአየር ማረፊያ ከመዞሩ በፊት ጠበቃው ይወቀው።

ሰንደል_22
ለምን ፑንታ ካና አትሄዱም? ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚሠራ ግሪን ካርድ ላለው ለቱሪስትነት ቪዛ አይጠይቅም። ኦል ኢንክሉሲቩም ከጃማይካ ይረክሳል። የኢንተርኔት መግቢያ ቅጹን ሞልታችሁ ኮዱን መያዝ ብቻ ነው።

የወደብ_ሰው
ሰንደል ስለ ቪዛው እውነቱን ነው፤ ኤምባሲው ለሁለቱ እሺ ካላለ ሁለተኛው ምርጫ ይህ ይሁን። ወሩን ግን እዩት። ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባሕር አረም ከማርች እስከ ኦገስት ከአትላንቲክ እየተነዳ ይመጣል፤ ወደ ምሥራቅ የዞሩትን ዳርቻዎች ነው የሚመታው፣ ፑንታ ካና ደግሞ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው። ዳር ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሆቴሎቹ ጠዋት ጠዋት በትራክተር ያነሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ ይመጣል። ኔግሪል በደሴቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ስለሆነች ብዙም አይደርስባትም። በጁላይ ምሥራቅና ምዕራብ መለየት ከሆቴሉ ኮከብ ይበልጣል።

በዚያ ላይ ፑንታ ካና ሆቴሎቹ ተራርቀው የታጠሩ ናቸው። ማታ ወጥቶ ከቡና ቤት ቡና ቤት በእግር መዞር የለም። ናርዶስ የጠየቀችው ደግሞ ከአጥር ውጭ ያለውን ነው።

ናርዶስ_ሲልቨርስፕሪንግ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁን አነጋግረናል፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ በዲሴምበር ፖርቶ ሪኮ እወስዳችኋለሁ» ብሏል። ስለዚህ ሰባት ነን። ኦል ኢንክሉሲቭ ጉዳይስ?

ሞንቴጎ_በር
ሰባት ከሆናችሁ አንድ ሰው ጎዶሎ ነው፤ ይህ ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው። የኦል ኢንክሉሲቭ ዋጋ የሚሰላው በሁለት ሰው በክፍል ነው፣ ብቻውን የሚያድረው ሰው «የነጠላ ጭማሪ» ይከፍላል። ሳንዳልስና ካፕልስ የሚባሉት ለጥንዶች ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ለእናንተ ዓይነት ቡድን አይሆኑም። ኔግሪል አጠገብ ባለው ብለዲ ቤይ አካባቢ ርካሽ አገኘን ብላችሁ ደግሞ ሂዶኒዝም 2ን እንዳትይዙ፤ ስሙ እንደሚለው ነው፣ ልብስ የማይለበስበት ወገን አለው። ከአክስት ልጅ ጋር የሚኬድበት ቦታ አይደለም።

ሒሳቡን እንዲህ አስሉት፦ በኦል ኢንክሉሲቭ የምትከፍሉት ለሦስት ጊዜ ምግብና ያለ ገደብ ለሚጠጣ መጠጥ ነው። ሦስት ሰው ሁለት ቀን ይጾማል። ማታ ማታ ውጭ ነው የምትጠጡት። ሁለት ቀን ደግሞ በጉብኝት ምሳ ውጭ ትበላላችሁ። ለማትበሉት ምግብ መክፈል ይሆናል። ለእናንተ ዓይነት ቡድን ኔግሪል ዳርቻው ላይ ካሉት ትናንሽ ሆቴሎች ኩሽና ያለው ባለ ሁለት መኝታ ክፍል ሁለት መያዝ ይሻላል። የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች፦ ኤሲው በየክፍሉ ነው ወይስ ሳሎን ብቻ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተርና የውኃ ታንከር አለ? ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል? ከሙዚቃው ስንት ሜትር ነው? የመጨረሻውን በሁለት መንገድ ጠይቁት፦ ቅርብ ሲሆን እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ባስ ያንቀጠቅጣችኋል፤ ስለዚህ በአሸዋው በኩል ሳይሆን በግቢው ኋላ ያለውን ክፍል ምረጡ።

የተጻፈው ዋጋ ላይ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ «ጠቅላላው ስንት?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

የወደብ_ሰው
ወደ ቀኑ ፕሮግራም ልግባ። ካርታውን በአእምሮ ያዙት፤ ሞንቴጎ ቤይ መሐል ላይ ናት። ኔግሪል ከእርሷ ወደ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል። ፋልማውዝ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ከምናምን። ኦቾ ሪዮስ ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ሁለት ሰዓት ሊሞላ። ከኔግሪል ተነስቶ ኦቾ ሪዮስ ደርሶ መመለስ ማለት ሰባት ሰዓት መኪና ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ደንስ ሪቨር ፏፏቴን ከኔግሪል ይገዛና ቀኑን በሚኒባስ ወንበር ላይ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የምሥራቁን ሁሉ በመጀመሪያው ሌሊት ጨርሱት። ሰኞ ስትደርሱ ሞንቴጎ ቤይ እደሩ፤ በዚያው ምሽት ፋልማውዝ ወዳለው የሚያበራው ሐይቅ ሂዱ። ማርታ ብሬ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ቦታ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ውኃው ሲነካ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። እጅህን ስትዘረጋ ክንድህ እስከ ትከሻ ያበራል፤ ከጣትህ የሚንጠባጠበው ጠብታ ሳይቀር ብልጭ ይላል። ይህን የሚያጠፋው የጨረቃ ብርሃን ነው፣ እናንተ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፦ ጁላይ 14 ጨረቃ የለችም። ጀልባው ቆሞ የሚያስገባበት ቦታ ጥልቀት የለውም፣ ላይፍ ጃኬት ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ዋና የማይችሉትም ይገባሉ። መሬቱ ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ የውኃ ጫማ አድርጉ። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለማሳየት መድከም ዋጋ የለውም፤ ጥቁር ብቻ ነው የሚወጣው። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ብርሃኑ ይደክማል፤ እንደዚያ ከሆነ ቀኑን እንዲቀይሩላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ማክሰኞ ጠዋት እዚያው ማርታ ብሬ ላይ የቀርከሃ ታንኳ። አንዱ ታንኳ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፣ ለሰባት አራት ታንኳ ያስፈልጋል፣ አንዱ ብቻውን ይሳፈራል። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ወንዙ ረጋ ያለ ነው። ቀዛፊው ጉርሻ ይጠብቃል፣ ትናንሽ ዶላር ያዙ። የክሩዝ መርከብ ፋልማውዝ የሚገባበት ቀን ከሆነ ከ9 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ የወደቡ የመርከብ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ አለ። ከዚያ ሻንጣችሁን እንደያዛችሁ ቀጥታ ወደ ኔግሪል።

ኦቾ ሪዮስ በምንም ካልቀረ ደንስ ሪቨርን ማክሰኞ ጠዋት በታንኳው ፋንታ አድርጉት። 180 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው በደረጃ የተደረደረ ፏፏቴ ነው፣ ባሕሩ ዳር ጀምራችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ። የሚያንሸራትተው አለቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ሽበት ነው፤ ጫማው ጎማ ሶል ይኑረው፣ ነጠላ ጫማ ግን በጭራሽ። ዋና የማይችሉት በጎን ባለው የእንጨት ደረጃ መውጣት ይችላሉ፣ በየመሐሉም ወደ ውኃው መግቢያ አለ።

ነርስ_አሌክሳንድሪያ
ሪክስ ካፌ መሄዳችሁ አይቀርም፣ ዌስት ኤንድ ያለው፣ ሰው ከገደል የሚዘልበት። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ነው የሚኬደው፤ በጁላይ 6:45 አካባቢ ትጠልቃለች፣ 5 ሰዓት ካልደረሳችሁ ወንበር የለም። ለመዝለል ካሰባችሁ ግን ይህን አንብቡ።

ከፍተኛው መዝለያ 10 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከፍታ ውኃው ላይ ስትደርሱ ፍጥነታችሁ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያ ፍጥነት ውኃ ለስላሳ አይደለም። ጉዳት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፦ እጅን ዘርግቶ መውደቅ (ትከሻ ይወልቃል) እና ተቀምጦ መውደቅ (የጀርባ አጥንት ይሰበራል)። እግር ገጥሞ፣ እጅን ጎን ላይ አጣብቆ፣ አገጭ ሳይደፉ፣ ወደ ታች ሳይሆን ፊት ለፊት አድማሱን እያዩ። ዝቅ ያሉ መዝለያዎች አሉ፣ ከዚያ ጀምሩ። አንድ ብርጭቆ እንኳ ከጠጣችሁ ይቅር። ዋና የማይችል ሰው ከየትኛውም አይዘልም፤ ላይፍ ጃኬት አድርጎ ከከፍታ መዝለልም አንገት ይጎዳል።

ስኖርክል (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ የውኃውን ውስጥ እያዩ መንሳፈፍ) ለማይዋኙት ይቻላል፣ ግን «ስኖርክል ቬስት» ከሚሏት በአፍ ከምትነፋ ቀጭን ሰደርያ ይልቅ እውነተኛውን ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፤ ሰደርያዋ ለዋናተኛ ነው የተሠራችው። ካታማራን (ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ) ለምትወጡ፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚዋጠው ከመሳፈራችሁ አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ አይረዳም። አንዳንዶቹ ያደነዝዛሉ፣ ከሮም ጋር አይሄዱም።

ኔግሪል ውስጥ ክሊኒክ እንጂ ትልቅ ሆስፒታል የለም። የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንሳችሁ ውጭ አገር ላይሸፍን ይችላል፣ የግል ክሊኒኮች ደግሞ ከፊት ነው የሚቀበሉት። አምቡላንስ 110፣ ፖሊስ 119። የትንኝ መከላከያ አትርሱ፣ ዴንጊ የሚባል የትኩሳት በሽታ አለ፤ ትንኟ በቀን ነው የምትነድፈው፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ።

ቅቤ_ያልነካው
ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ። ጃማይካ ለእኛ ጿሚ ከብዙ አገር ትሻላለች፣ ምክንያቱም «ኢታል» አለ። የራስተፈሪያውያን ምግብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም። ቀይ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ካሮት በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። ብዙዎቹ ጨው አይጨምሩም፤ ትንሽ ሚጥሚጣ በብልቃጥ ያዙ። ኔግሪል ውስጥ በጎዳናው ዳር ትናንሽ ኢታል ቤቶች አሉ፣ ከቀኑ 2 ሰዓት በኋላ ድስቱ ያልቃል፣ ቀድማችሁ ሂዱ።

የሚያሳስቱት፦ ካላሉ እንደ ጎመን ያለ ነው፣ ግን የደረቀ ጨዋማ ዓሣ ጨምረው የሚሠሩት ብዙ ናቸው። አኪ ብሔራዊ ምግባቸው ነው፣ ሲያዩት የተጠበሰ እንቁላል ይመስላል፣ ፍሬ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ግን ዓሣ ነው። «ራይስ ኤንድ ፒስ» በኮኮናት ወተት ነው፣ አንዳንዱ ቤት ግን የአሳማ ጅራት ጣል ያደርግበታል። ባሚ ከካሳቫ የሚጋገር ቂጣ ነው፣ ይሆናል። ፌስቲቫል የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ ወተት ሊኖረው ይችላል፣ ጠይቁ።

የአሳማው ነገር ጄርክ (በቅመም ታሽቶ በእንጨት ጭስ የሚጠበስ ሥጋ) ቤት ላይ ነው የሚብሰው። ዶሮውና አሳማው በአንድ የፒሜንቶ እንጨት ፍርግርግ ላይ ጎን ለጎን ይጠበሳሉ፣ በአንድ መጥረቢያ በአንድ ጣውላ ላይ ይከተፋሉ። «ዶሮ ብቻ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። አሳማ ጭራሽ የማይሸጥ ቤት ፈልጉ፤ ራስተፈሪያውያንም አሳማ ስለማይበሉ እነርሱን ብትጠይቁ ወዲያው ያሳዩአችኋል።

ሰንደል_22
ኢትዮጵያዊ ነን ስትሏቸው ምን እንደሚሆን ንገሯት እንጂ 😄

ቅቤ_ያልነካው
እሱማ ይመጣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ያረፉበትን ቀን፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1966ን፣ ራስተፈሪያውያን ዛሬም በየዓመቱ ያከብሩታል። «ከኢትዮጵያ ነን» ካላችሁ እጅ ደረት ላይ አድርጎ ሰላም የሚል፣ ሻሸመኔን የሚጠይቅ፣ አማርኛ ቃላት የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም። የንጉሡን አምላክነት አስመልክቶ ክርክር አትክፈቱ፤ ለእነርሱ እምነት ነው፣ እናንተ ለሽርሽር ነው የሄዳችሁት። ከልቡ የሚቀበላችሁና ዕቃ ሊሸጥላችሁ የሚፈልገውም ይለያሉ። ሁለተኛው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለ አምባር ያነሣል። አምባሩን እጃችሁ ላይ ካሰረው በኋላ «ስጦታ ነው» አይሠራም፤ ሳያስር እጃችሁን ሰብስቡ።

ሞንቴጎ_በር
ማታውን ባጭሩ።

ቀጥታ ሙዚቃ ዳርቻው ላይ ከምሽቱ 9 ሰዓት በፊት አይጀምርም፣ የሚሞቀው ከ10 በኋላ ነው። በሕጉ መሠረት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ድምፅ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት 2 ሰዓት ላይ መቆም አለበት፤ ቱሪስት አካባቢ ይላላል፣ ግን ፖሊስ መጥቶ ባንዱን ሲያስቆም አትደነቁ። ስለዚህ ሬጌውን በሥራ ቀናት፣ የዲጄ ዳንስሆል ክለቡን ዓርብና ቅዳሜ አድርጉት።

ሬጌ ሳምፌስት የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ብዙውን ጊዜ በጁላይ አጋማሽ ሞንቴጎ ቤይ ነው የሚውለው፤ ትልቆቹ ሁለት ሌሊቶች እስከ ፀሐይ መውጫ ይዘልቃሉ። የዘንድሮውን ቀንና ቦታ አዘጋጆቹ ካሳወቁት አረጋግጡ። ከእናንተ ሳምንት ጋር ከገጠመ ሁለት ነገር ይለወጣል፦ የሞንቴጎ ቤይ ክፍል ዋጋ ይንራል፣ ከኔግሪል ለመሄድም የደርሶ መልስ ሚኒባስ ቀድሞ መከራየት አለበት፣ ሹፌሩ ጠዋት እስኪነጋ እንዲጠብቅ ተስማምታችሁ፣ ግማሹን ክፍያ ሲመልሳችሁ።

ሮም ፓንች ሲጠጡ የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ ነጩ «ኦቨርፕሩፍ» ሮም 63 በመቶ አልኮል ነው። እንደ አረቄ ጉሮሮ አይዝም፣ ፍራፍሬው ይሸፍነዋል፣ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ነው የሚታወቀው። ብርጭቆአችሁን ትታችሁ አትሂዱ፣ ከማታውቁት ሰው የተከፈተ አትቀበሉ።

ታክሲ፦ ቀይ ታርጋ ካለው ብቻ። ሳትገቡ ዋጋ ተስማሙ፤ «ሃያ» ሲላችሁ የአሜሪካ ነው የጃማይካ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 የጃማይካ ዶላር ስለሚመነዘር ቀልድ አይደለም። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉና አሳዩት። ሬስቶራንት ውስጥ ካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በአሜሪካ ዶላር ይሁን?» ካለ በጃማይካ በሉ፤ ምንዛሬውን ባንካችሁ ቢያደርገው ይሻላል።

ነርስ_አሌክሳንድሪያ
የውኃ ሞተር (ጄት ስኪ) የሚያከራዩ አሸዋው ላይ ይመጣሉ። ፈቃድ ከሌለው አትከራዩ። ከተከራያችሁም ከመነሳታችሁ በፊት ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ስትመልሱ «ይህን ጭረት አንተ ነህ» የሚለው ብልሃት የተለመደ ነው።

ጋሽ_ቲኬት
ሁለት ሕግ ላስታውስ። የወታደር ቀለም ያለው (ካሞፍላጅ) ልብስ ለሲቪል ክልክል ነው፤ ሱሪም፣ ኮፍያም፣ ቦርሳም። አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል።

ጋንጃ ደግሞ በየሦስት እርምጃው ይቀርብላችኋል። ከ2015 ወዲህ እስከ ሁለት አውንስ መያዝ በወንጀል አያስከስስም፣ መቀጮ ነው። ሕጋዊ ነው ማለት ግን አይደለም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ሁለት ልጆች በተለይ ስሙ፦ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ነው፣ የጃማይካ አይደለም። ድንበር ላይ ተጠይቆ «ሞክሬአለሁ» ያለ ዜግነት የሌለው ሰው ኢሚግሬሽን ላይ ትልቅ ጣጣ ሊገጥመው ይችላል። ሻንጣ ውስጥ ቅጠል ይቅርና ያመድ ሽታ አይኑር።

ኢንሹራንስ፦ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ዋናው ጊዜ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ቢሆንም ጁላይ ነጻ አይደለም፣ ቤሪል በጁላይ 3 ቀን 2024 ነው ደቡቡን የመታው። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ለዚያ አውሎ ነፋስ አይከፍልም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው። «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚለውን ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ቀብድ በከፈላችሁ በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው የሚሸጡላችሁ፤ ሙሉውንም አይመልስም።

ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፣ ቀብዱ የማይመለስ መሆኑን ሰባታችሁም በጽሑፍ አረጋግጡ። ጓደኝነት የሚበላሸው አንዱ በመጨረሻው ሳምንት «ፈረቃዬ ተቀየረ» ሲል ነው።

ናርዶስ_ሲልቨርስፕሪንግ
እጅግ አመሰግናለሁ። እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ አርሙኝ፦
ሰኞ፦ ሞንቴጎ ቤይ፣ ማታ የሚያበራው ሐይቅ።
ማክሰኞ፦ ማርታ ብሬ፣ ከሰዓት ኔግሪል።
ረቡዕ፦ ባሕር ዳርቻ፣ ኢታል፣ ማታ ሬጌ።
ሐሙስ፦ ጠዋት ስኖርክል፣ ከሰዓት ካታማራን ወደ ሪክስ ካፌ፣ ማታ ክለብ።
ዓርብ፦ ሜይፊልድ ፏፏቴ።
ቅዳሜ፦ ነጻ፣ ማታ ትልቁ ጭፈራ።
እሑድ፦ ከኔግሪል 12 ሰዓት ተነስተን የ2:40 በረራ።

የወደብ_ሰው
ሐሙስ በዝቷል። ስኖርክሉን ወደ ረቡዕ ጠዋት አምጪው፤ ባሕሩ ጠዋት ነው የሚረጋው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ይደፈርሳል። ካታማራኑ ላይ መጠጥ በነጻ ስለሚቀዳ መዝለል የሚፈልጉት በሌላ ቀን በታክሲ ይሂዱ፤ ሰክሮ ለመዝለል የሚፈተነው ከጀልባው የወረደ ነው።

ሜይፊልድ ከኔግሪል አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከተራራው ሥር። በሜሊሳ ምክንያት መንገዱና ቦታው እንዴት እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ካልሆነ ዓርብን ወደ ቡቢ ኬይ በትንሽ ጀልባ አድርጉት፣ ብለዲ ቤይ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት። የኮራል ስባሪ ስላለ እዚያም የውኃ ጫማ አድርጉ።

እሑድ ዘግይታችኋል። ከኔግሪል አንድ ሰዓት ተኩል፣ መንገዱ ላይ ባለችው ሉሲ ከተማ ትራፊክ ካለ ሁለት፤ አየር ማረፊያ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ መድረስ አለባችሁ። 9 ሰዓት ተነሡ። ቅዳሜ ማታ ትልቁ ጭፈራ ከሆነ ደግሞ ሻንጣው ከመውጣታችሁ በፊት ይታሰር። ሚኒባሱን ዛሬ ያዙት፤ ለሰባት ሰው ከነሻንጣው ባለ 15 ወንበር ሃይስ በሉ፣ ዋጋውን በመኪና እንጂ በነፍስ ወከፍ አትዋዋሉ።

ጋሽ_ቲኬት
ሰዓቱንም ልብ በሉ፣ ጃማይካ የበጋ ሰዓት አትቀይርም። በጁላይ ከሜሪላንድ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። ሮም የምትገዙ፣ ጠርሙሱ የሚገባው በሚጫን ሻንጣ ነው፤ ከ70 በመቶ በታች ስለሆነ ይፈቀዳል። ማንጎ አይፈቀድም።

ሰንደል_22
እሑድ ጁላይ 19 እኮ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው! በ2:40 አየር ላይ ልትሆኑ?

ናርዶስ_ሲልቨርስፕሪንግ
ሦስቱ ወንዶች ይህን ገና አላወቁም። የሰኞ ጠዋት በረራ ስንት እንደሆነ እያየሁ ነው።